የዕቃ ቤቱ ሦስት ኮምፒዩተሮች ጉዳይ፦ በትንሽ ገንዘብ የድሮውንም የአዲሱንም ጌም ስለመጫወት

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከነዋሪዎች በአንዱ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ እንዲደርስ በሰሌዳው ወጥቷል።)



እንደሚታወቀው ባለፈው ስብሰባ ለወጣቶች መዝናኛ በተያዘው ገንዘብ ላይ ሁለት ሐሳብ ቀርቦ፣ ክርክሩም ከርሮ፣ ሳንወስን ተለያይተናል። አንደኛው ሐሳብ «ገንዘቡ በሙሉ ወጥቶ አንድ አዲስ፣ ለጌም ተብሎ የተሠራ ኮምፒዩተር ይገዛ» የሚል ሲሆን ያቀረቡትም ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ሐሳብ «በስጦታ አግኝተናቸው በዕቃ ቤት ውስጥ ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር ተቆልፎባቸው የከረሙት ሦስት የቢሮ ኮምፒዩተሮች ይታደሱ» የሚል ነው። የእኔ ሥራ ከዚህ ዓይነት ዕቃ ጋር በመሆኑ ሊቀመንበሩ አስረዳ አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ሦስቱንም ከፍቼ አይቻቸዋለሁ፤ የማቀርበውም ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያ ግን ከኋላ ለተቀመጡት ወላጆች አንዲት ነገር ልበል። «ጌም ምን ያደርጋል፣ ይማሩበት እንጂ» የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ። ተገቢ ድምፅ ነው። ነገር ግን ልጆቻችን እኛ ብንገዛም ባንገዛም ይጫወታሉ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጌም ቤት ይገባሉ፣ በየጨዋታው ይከፍላሉ፣ ለምሳ የተሰጣቸውም ሳንቲም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው ይጫወቱ አይጫወቱ አይደለም፤ የት፣ ከማን ጋርና በስንት ወጪ ነው። ይህን ካልኩ ወደ ዕቃው ልግባ።

ሦስቱም ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት ናቸው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ይባላሉ፤ የ2012 ምርት ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ ዕቃው የፈረንጅ ነውና።) ፕሮሰሰራቸው ኮር አይ5-3470 ሲሆን አራት ኮር አለው፣ ፍጥነቱም 3.2 ጊጋኸርዝ ነው። ሜሞሪያቸው 4 ጊጋባይት ነው፣ ያውም በአንድ ነጠላ ቁራጭ። ሃርድ ዲስካቸው የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የላቸውም፤ ሥዕሉን የሚሠራው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተፈጠረው ኢንቴል ኤችዲ 2500 ነው። ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች የምታዩአቸው የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ የቢሮ ኮምፒዩተሮችም ብዙዎቹ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ በመሆኑም የምናገረው ለየቤታችሁም ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ስም ለማይገባችሁ በድግስ ቤት ልመስለው። ፕሮሰሰሩ ወጥ ሠሪዋ ናት። ሜሞሪው የምትሠራበት ጠረጴዛ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ጎተራው ነው። ግራፊክሱ ደግሞ እንጀራ ጋጋሪዋ ናት። ጌም ሲጫወቱ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ነገር የሚንቀሳቀስ ይምሰል እንጂ ተራ በተራ የሚወጣ ሥዕል ነው፤ በሴኮንድ 30 ሥዕል ካወጣች ይጫወታሉ፣ 60 ካወጣች ደስ ብሏቸው ይጫወታሉ፣ 15 ካወጣች ግን መንቀርፈፍ ይሆናል። ታዲያ የእኛዎቹ ሲታዩ፣ ወጥ ሠሪዋ ገና ጉልበት ያላት ናት። ጠረጴዛዋ ጠባብ ነው፣ ጎተራው ሩቅ ነው፣ ጋጋሪዋም ደካማ ናት። ጠረጴዛ ጠበበ ተብሎ ወጥ ሠሪ ይባረራል ወይ?

አሁን ስለ ጌሞቹ። ዱም የሚባለው ጌም በዲሴምበር 1993 ሲወጣ የጠየቀው 386 የሚባል ፕሮሰሰርና 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበር። የዚሁ ጌም ታናሽ ወንድም፣ ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ፣ በሜይ 2025 ሲወጣ ደግሞ ቢያንስ 16 ጊጋባይት ጠየቀ። አስሉት፤ 4,096 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ሬይ ትሬሲንግ የሚሉትን የብርሃን ስሌት የሚሠራ ግራፊክስ ካርድ ከሌለ ጭራሽ አይነሳም። ጨዋታው 4,096 እጥፍ ማስደሰቱን ወጣቶቹ ይፍረዱ።

የእኛ ኮምፒዩተሮች በእነዚህ በሁለቱ መካከል ናቸው። እንዳሉ፣ አንድ ካርድ ሳይጨመርባቸው፣ ሃፍ ላይፍን (1998)፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለትን (1999)፣ ካውንተር ስትራይክ 1.6ን (2003)፣ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዎንትድንና (2005) ፒኢኤስ 6ን (2006) ያጫውታሉ። ከባዶቹን ሴቲንግ ዝቅ አድርጎ ነው እንጂ ያጫውታሉ። ይህ እኮ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ አንድ ነገር ልጨምር፤ በ2015 በወጣው ተጨማሪ ክፍሉ ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን የቻሉ ወገን ሆነው ገብተዋል፣ ልዩ ወታደራቸውም ሾተል ይዞ ነው የሚዋጋው። ሠራዊት ለማሰለፍ መጀመሪያ እህልና እንጨት መሰብሰብ፣ ሕዝብ ማብዛት ግድ ነው። «ይማሩበት» ላሉት ወላጆች ይህ ሳይሻል አይቀርም።

የድሮ ጌም ግን በአዲስ ዘመን ኮምፒዩተር ላይ ሲጫን የራሱ ጣጣ አለው። ሰው «ኮምፒዩተሩ አልቻለውም» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ተቃራኒው ነው። በዶስ ዘመን ከተሠሩት አንዳንዶቹ ፍጥነታቸውን የለኩት በፕሮሰሰሩ ምት ነበር። ፕሮሰሰሩ ሲፈጥን ጌሙም አብሮ ይፈጥናል፤ መኪናው ገና ከመነሳቱ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ለዚህ መድኃኒቱ ዶስቦክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው፤ የድሮውን ኮምፒዩተር አስመስሎ ይሠራል፣ ፍጥነቱንም እንደተፈለገው ያዘገያል። ሌላው፣ 64 ቢት የሆነው ዊንዶውስ የ16 ቢት ፕሮግራም አይቀበልም፤ በ1990ዎቹ የወጡ የብዙ ጌሞች መጫኛ ደግሞ 16 ቢት ነው። ጌሙ ደህና ሆኖ ሳለ መጫኛው እንቢ ይላል። ሦስተኛ፣ ሴፍዲስክ የሚባል የሲዲ መቆለፊያ ያለባቸው ጌሞች በዊንዶውስ 10 ላይ አይነሱም፤ ማይክሮሶፍት ለደኅንነት ሲል መቆለፊያውን የሚያነበውን ክፍል በ2015 ስላስቀረው ነው። ሲዲው በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ቢሆንም ያው ነው። እንዲህ ያለውን ጌም ጂኦጂ ከሚባለው የፖላንድ መደብር የታደሰውን ቅጂ መግዛት ይቻላል፤ መደብሩ ከ2008 ጀምሮ የድሮ ጌሞችን ያለ መቆለፊያ ይሸጣል።

ወደ አዲሶቹ ስንመጣ፣ አዲስ ማለት ሁሉ ከባድ ማለት አይደለም። ስታርዲው ቫሊ የሚባለው የእርሻ ጌም በ2016 የወጣ ሲሆን የሠራው አንድ ሰው፣ ኤሪክ ባሮን ነው። የሚጠይቀው 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ነው። ቴራሪያ (2011)፣ አንደርቴል (2015)፣ እኒህ ሁሉ በእኛዎቹ ላይ ይሠራሉ።

ከባዶቹስ? እዚህ ላይ ወጣቶቹን ማታለል አልፈልግም። ሳይበርፐንክ 2077 ዛሬ ቢያንስ 12 ጊጋባይት ሜሞሪና ጂቲኤክስ 1060 የሚባለውን ካርድ ይጠይቃል፤ በእኛዎቹ አይሆንም። ከዚህም ሌላ አይ5-3470 ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትእዛዝ ዓይነት አያውቅም፤ እርሱ የመጣው በ2013 ከወጡት ፕሮሰሰሮች ጀምሮ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ይህ ከሌለ፣ ምንም ዓይነት ካርድ ቢገባ፣ አይነሱም። በአሮጌዎቹ ከተወሰነ እነዚህን እንደማናገኝ ከወዲሁ ይታወቅ፤ በኋላ «ተታለልን» የሚል እንዳይመጣ።

ነገር ግን አዲሱ ኮምፒዩተር ቢገዛስ? አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ወንበር ነው። በስብሰባው የቆጠርኳቸው ወጣቶች 20 ያልፋሉ። ተራ ሲጠብቁ ጠብ ነው። ከዚያም አዲሶቹ ጌሞች 70፣ 90፣ 100 ጊጋባይት ይሆናሉ፤ ያንን ሁሉ በእኛ ኢንተርኔት የሚያወርደው ማን ነው፣ የዳታውንስ ማን ይከፍላል? ብዙዎቹም ሰርቨር ካላገኙ አይሠሩም። ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጌም በ2014 ወጥቶ፣ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ ሲጫወተው ኖሮ፣ ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ ብቻውን መጫወት እንኳ የማይቻል ሆነ። የድሮዎቹ ግን በገመድ ይገናኛሉ። አንድ አነስተኛ ስዊችና ሦስት የኔትወርክ ገመድ ካለን ሦስቱ ኮምፒዩተሮች ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ዳታ፣ እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ። ልጆቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እየተሳሳቁ፣ እንደ ጆተኒው። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይኸ ነው።

በሕጋዊ መንገድ በነጻ የሚገኙም አሉ፤ ሱፐርተክስካርት የመኪና እሽቅድምድም ነው፣ አንዱን መስኮት ለሁለት ከፍሎ ያጫውታል፤ በሦስት ኮምፒዩተር ስድስት ልጅ ማለት ነው። ዜሮ ኤ.ዲ. የጥንት መንግሥታት ጦርነት ነው። ኦፕንቲቲዲ ባቡርና አውቶቡስ ማስተዳደር ነው፤ ሉዋንቲ (እስከ 2024 ማይንቴስት ይባል የነበረው) በጡብ መገንባት ነው። ገበያ ላይ በፍላሽ የሚዞረውን «ክራክ» የሚሉትን ግን ወደ ማኅበሩ ኮምፒዩተር አታምጡብን። መብቱ የሌላ ሰው መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ቫይረሱም አብሮት ነው የሚመጣው፤ በእነዚሁ ኮምፒዩተሮች ላይ የማኅበሩ የአባላት መዝገብ እንዲጻፍ ከታሰበ ደግሞ ጉዳቱ የሁላችን ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ በምን ይውላል? ዋጋውን በብር አልጠራም፤ ዛሬ የጠየቅነው በሚመጣው ወር ሌላ ነውና ገዢው ኮሚቴ ከሦስት ሱቅ ጠይቆ ያቅርብ። ቅደም ተከተሉን ግን እናገራለሁ።

መጀመሪያ ሜሞሪ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አያውቅምና ልዘርዝረው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒዩተር ለሥዕሉም የሚጠቀመው ከዚያው ከዋናው ሜሞሪ ነው። አሁን በየኮምፒዩተሩ ያለው አንድ ቁራጭ፣ በሴኮንድ 12.8 ጊጋባይት ያሳልፋል። አቻው የሆነ ሁለተኛ ቁራጭ በትክክለኛው ቀዳዳ ሲገባ 25.6 ይሆናል። ቦኖ ላይ ውኃ እንደመቅዳት ቁጠሩት፤ ጀሪካኑን ብታተልቁት ቧንቧው አንድ ከሆነ ሰልፉ ያው ነው፣ ሁለተኛ ቧንቧ ሲከፈት ግን ሰልፉ ይጎድላል። ስለዚህ አንድ ባለ 8 ከመግዛት ያለውን ባለ 4 ይዞ ሌላ ባለ 4 መጨመር ይሻላል፤ ርካሽም ነው።

ሁለተኛ ኤስኤስዲ፣ በሚሽከረከረው ዲስክ ምትክ። ይህ በሴኮንድ የሚወጣውን ሥዕል አይጨምርም፤ ሻጭ «ጌሙን ያፈጥነዋል» ቢላችሁ በግማሽ ነው እውነቱ። የሚያፈጥነው መክፈቻውንና ከደረጃ ወደ ደረጃ መሸጋገሪያውን ነው። እኛ ሰፈር ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚሽከረከረው ዲስክ በሜካኒካል ክፍሉ ይጎዳል፣ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም።

መብራት ካነሳን ዘንድ፣ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ አንድ አይደሉም። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ኃይል ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ምንም አያደርግም። ዩፒኤስ በባትሪው ለጥቂት ደቂቃ ያቆያል፤ ልጁ ጨዋታውን መዝግቦ በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃዋል። ለሦስቱ አንድ ደህና ዩፒኤስ ቢገዛ ከግራፊክስ ካርድ በፊት እመርጣለሁ። ካርድ ያማረ ነገር ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ግን ካርዱም አብሮ ሥራ ይፈታል።

ያለ ገንዘብ የሚሠራም አለ። ስከፍታቸው በፋኑ ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነበር። ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሰውም «አርጅቷል» ይለዋል። በደረቅ ብሩሽ ይጸዳል፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው የደረቀ ፔስት በአዲስ ይተካል። ሁለቱ በተከፈቱ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን የሚረሱት ደግሞ ሲአር2032 የምትባለዋ የሰዓት ባትሪ አልቃ ነው፤ እርሷን መቀየር ነው። ከሴቲንግም መስኮቱን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ አለ። የመጀመሪያው በአንዱ ሥዕል 2,073,600 ነጥብ ነው፣ ሁለተኛው 921,600። ጋጋሪዋ ደካማ ከሆነች ምጣዱን ማሳነስ ነው፤ እንጀራው ያንሳል እንጂ ቶሎ ቶሎ ይወጣል።

ገንዘብ ከተረፈ ለአንዱ ኮምፒዩተር አንድ ግራፊክስ ካርድ ይገዛ። እዚህ ላይ የሚገዛው ሰው ይጠንቀቅ። የእኛዎቹ ሣጥን አነስተኛው ዓይነት ነው፣ ፓወር ሰፕላዩም 240 ዋት ብቻ ነው። ከፓወር ሰፕላይ ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቅ ካርድ አይሆንም፤ ቁመቱም አጭር መሆን አለበት። ጂቲ 1030 የሚባለው 30 ዋት ብቻ ስለሚፈጅ ይስማማል። ነገር ግን በዚህ ስም የሚሸጡ ሁለት ካርዶች አሉ። በ2017 የወጣው ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ያለው ነው፤ በ2018 የወጣው ዲዲአር4 ያለው ነው። ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፤ የመጀመሪያው ሜሞሪ በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ሲያሳልፍ ሁለተኛው 16.8 ብቻ ነው። በካርቶኑ ላይ «ጂ» የምትለዋን ፊደል ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። ከነዚህ በትክክለኛው፣ ሜሞሪውም 8 ከሆነ፣ በ2015 ለኮምፒዩተር የወጣው ጂቲኤ 5 ሴቲንጉ ዝቅ ተደርጎ ይጫወታል።

የዊንዶውስ ነገር ደግሞ አለ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእኛን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ስቲም የሚባለው ትልቁ የጌም መደብርም ዊንዶውስ 7ንና 8ን ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ትቷቸዋል። የእኔ ሐሳብ፣ በሁለቱ ላይ ሊነክስ ሚንት ይጫን፤ ነጻ ነው፣ ለቤት ሥራም ይሆናል። ስቲምን የሚያስተዳድረው ኩባንያ በ2018 ያወጣው ፕሮቶን የሚባል መሣሪያም የዊንዶውስ ጌሞችን በሊነክስ ላይ ያስነሳል፤ ሁሉንም አይደለም፣ አጭበርባሪን የሚቆጣጠሩ አንዳንድ የኢንተርኔት ጌሞች እንቢ ይላሉ። ሦስተኛው ላይ ዊንዶውስ 10 ይቆይ፣ ግን ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝ፤ የድሮዎቹ ጌሞች የእርሱ ድርሻ ይሁኑ።

ባለፈው አንዲት እትዬ «ደም የሚያፈሱበትን ጨዋታ ሕፃን እንዳያየው ምን ዋስትና አለን» ብለው ጠይቀው ሳይመለስላቸው ቀርቷል። እውነታቸውን ነው፤ አሁን ከጠራኋቸው ውስጥ ዱምና ጂቲኤ ለልጅ አይደሉም። በአውሮፓ በሚሸጡ ጌሞች ሣጥን ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18 የሚል ቁጥር አለ፤ የዕድሜ ወሰን ነው። 18 ያለበት ለሕፃናት በሚከፈተው ሰዓት እንዳይነሳ በየኮምፒዩተሩ ለትልልቆቹና ለትንንሾቹ የተለያየ መግቢያ በቁልፍ ቃል ይደረግ። መስኮቶቹም ወደ በሩ ዞረው ይቀመጡ፤ የሚያልፍ ሁሉ ያያል። ከቁልፍ ቃሉ ይልቅ በዚህኛው ነው የምተማመነው።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ስብሰባ ነው። እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ዕቃ ቤቱ ይከፈታል፤ አንደኛውን ኮምፒዩተር አጽድቼ፣ የራሴን አንድ ቁራጭ ሜሞሪ በውሰት አስገብቼ፣ ከፊትና ከኋላ በሴኮንድ ስንት ሥዕል እንደሚያወጣ በሁላችሁ ፊት እንለካለን። አዲሱ ይገዛ የምትሉት ወጣቶች በተለይ ኑ፤ ጌሙን የምትመርጡትም እናንተ ናችሁ። ካቻቢቴ አለኝ። ንጹሕ የቀለም ብሩሽ ያለው ያምጣ። በቤታችሁም ከተበላሸ ኮምፒዩተር የተረፈ ዲዲአር3 ሜሞሪ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ የላፕቶፕ ከሆነ ግን ቁመቱ አጭር ነውና አይገባም።